«አቅጣጫ ጠቋሚ» ወይስ «ሥፍራ አመልካች»? በእጅ ለሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ የሚሰጡ የአማርኛ ቃላት ሲመረመሩ

መግቢያ

ሙያዊ ቃላት ለአንድ ቋንቋ የሚጨመሩት ለጌጥ አይደለም። ባለሙያ ከባለሙያ፣ ተጠቃሚም ከሚጠቀምበት መሣሪያ ጋር ሳይሳሳት እንዲግባባ ነው። በመሆኑም የአንድ ስያሜ ጥራት የሚመዘነው በድምፁ ማማር ወይም በሥርወ ቃሉ ጥንታዊነት ብቻ ሳይሆን፣ ስያሜውን ሰምቶ የሚሠራው ሰው በሚፈጽመው ተግባር ጭምር ነው። በቢሮ ውስጥ የተሳሳተ ስያሜ የሚያስከትለው ጉዳት ቢበዛ የጊዜና የወረቀት ብክነት ነው፤ ጉም በወረደበት ሰዓት፣ በገደል አፋፍ ላይ የሚነበብ ስያሜ ግን የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እንዲህ ያሉትን ቃላት ነው። ለምርመራው መነሻ የሆነው፣ ከመኪና መንገድ ርቀው በእግር ለሚጓዙ ሰዎች በእጅ የሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የመመሪያ ረቂቅ ነው። ረቂቁ ለዚህ ጸሐፊ ለአስተያየት የቀረበ ሲሆን፣ የታሰበውም በስሜን ተራሮች ለሚዘዋወሩ ተጓዦችና መንገድ መሪዎች ነው። ተርጓሚው ትጉህ መሆኑ ከሥራው ይታያል፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ያልተንዛዙ፣ ሰዋስዉም የተጠበቀ ነው። ስለዚህ የዚህ ሂስ ዓላማ ግለሰቡን መውቀስ አይደለም። ጉድለቶቹ ከአንድ ሰው ስንፍና ሳይሆን ከብዙዎቻችን የጋራ ልማድ የመነጩ መሆናቸውን ማሳየትና ለእያንዳንዳቸው አማራጭ ማቅረብ ነው።

1. የሥርዓቱ ስም

ረቂቁ ገና ሲጀምር ጂፒኤስን «ዓለም አቀፍ የአቀማመጥ ሥርዓት» ሲል ይፈታዋል። ይህ ፍቺ የተርጓሚው ፈጠራ አይደለም፤ በጋዜጦችና በማስተማሪያ ጽሑፎች ተደጋግሞ የሚታይ ነው። ሆኖም ሁለት ችግሮች አሉበት።

የመጀመሪያው «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ስንል፣ ብዙ መንግሥታት በስምምነት ያቋቋሙትንና በጋራ የሚያዙበትን ነገር ማለታችን ነው። ጂፒኤስ ግን እንዲህ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያቋቋመው፣ ዛሬም የአሜሪካ የጠፈር ኃይል የሚያስተዳድረው፣ ባለቤቱ አንድ መንግሥት የሆነ ሥርዓት ነው። ዓለምን ያዳረሰው አገልግሎቱ እንጂ ባለቤትነቱ አይደለም። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ሞገድ ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ በዚህም ምክንያት የአንድ ተራ መሣሪያ ልኬት እስከ 100 ሜትር ገደማ ይስት ነበር። ማዛባቱ እንዲቆም የተደረገውም በዓለም አቀፍ ጉባኤ ውሳኔ ሳይሆን በአንድ አገር ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የተፈለገው ጽንሰ ሐሳብ የምድርን ገጽ ሁሉ የሚያዳርስ ማለት ከሆነ፣ «ምድር አቀፍ» የሚለው የተሻለ ነው።

ሁለተኛው «አቀማመጥ» የሚለው ነው። አቀማመጥ በአማርኛ የነገሮችን አደራደር፣ የአገርን መልክዐ ምድራዊ ሁኔታ፣ አልፎ ተርፎም የሰውን አኳኋን ያመለክታል። መሣሪያው የሚነግረን ግን ይህን ሁሉ ሳይሆን አንድ ነጥብ ብቻ፣ ያለንበትን ሥፍራ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ። ዛሬ በሰማይ ላይ ያለው ሥርዓት አንድ ብቻ አይደለም። ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ አሉ። መሣሪያ ለመምረጥ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ሊጠይቃቸው ከሚገቡት ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ዕቃ ስንቱን ሥርዓት ይቀበላል?» የሚለው ነው። ምክንያቱም ሥፍራንና ከፍታን ለማስላት ሞገዳቸው የሚደርስ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ፤ ሦስቱ ለሦስቱ ልኬቶች፣ አራተኛው ደግሞ የመሣሪያውን ሰዓት ዝንፈት ለማረም። ግራና ቀኙ በገደል በተከበበ ሸለቆ ውስጥ የሚታየው ሰማይ ጠባብ በመሆኑ፣ ከአንድ ሥርዓት ብቻ የሚቀበል መሣሪያ አራት ሳተላይት ሊያጣ ይችላል። ረቂቁ ግን ሁሉንም «ጂፒኤስ» እያለ ስለሚጠራቸው፣ አንባቢው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅበት ቃል አጥቶ ይቀራል። የወል ስም የሌለው ጽንሰ ሐሳብ በገበያ ላይ የማይጠየቅ ጥያቄ ነው። ለወል ስሙ «የሳተላይት ሥፍራ ማወቂያ ሥርዓት» የሚለውን እናቀርባለን፤ ጂፒኤስ በጽሑፍ ሲገባ የአሜሪካው ሥርዓት የተጸውዖ ስም ሆኖ ይቆይ።

2. የመሣሪያው ስም

ረቂቁ ለመሣሪያው የመረጠው ስያሜ «አቅጣጫ ጠቋሚ» ነው። ስያሜው የታወቁ ሁለት የአማርኛ ቃላት ጥምረት በመሆኑ ላይ ላዩን ሲታይ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ችግሩ መሣሪያው ስሙ እንደሚለው አለመሆኑ ነው።

ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ ለመሣሪያው የሚነግረው ሥፍራውንና ሰዓቱን ነው። አንድ ሰው ጂፒኤሱን ይዞ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ መሣሪያው ሰውዬው ያለበትን ሥፍራ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያውቃል፤ ፊቱን ወደየት እንዳዞረ ግን ከሳተላይቱ አያውቅም። አቅጣጫን የሚገምተው ሰውዬው ሲራመድ፣ ቀድሞ የነበረበትን ሥፍራ ከአሁኑ ጋር በማነጻጸር ነው። ቆሞም ቢሆን አቅጣጫን የሚያሳዩ መሣሪያዎች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን እነዚህ በውስጣቸው ሌላ ዕቃ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ የተጨመረላቸው ናቸው። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ይህ የላቸውም።

እንግዲህ ጉም ከብቦት የቆመ ሰው «አቅጣጫ ጠቋሚ» የተባለውን ዕቃ ከኪሱ አውጥቶ፣ በማሳያው ላይ ያለውን ቀስት አምኖ ቢራመድ፣ ስያሜው በቀጥታ አሳስቶታል ማለት ነው። አንድን መሣሪያ በራሱ በማያውቀው ነገር መሰየም ከስያሜ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ከዚህም በላይ «አቅጣጫ ጠቋሚ» ለኮምፓስ የሚስማማና በዚያም ፍቺ የሚሠራበት ስያሜ ነው። ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ ስም መጥራት፣ ጂፒኤስ የገዛ ሰው ኮምፓሱን ቤት ትቶ እንዲሄድ ይጋብዘዋል።

ሌሎች ጸሐፊዎች «መንገድ መሪ» የሚለውን ሲጠቀሙ ይታያል። ይህም አይመከርም። መሪ የሚለው ቃል «መርሐ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በአማርኛ መንገዱን የሚያውቅ፣ ገደሉንና ወንዙን አይቶ የሚያሳልፍ ሰውን ያመለክታል። በስሜን ተራሮች ይህ የሙያ ስም ነው፤ መንገድ መሪውም፣ መሣሪያ ታጥቆ የሚከተለው የፓርኩ ስካውትም በሥጋና በደም ያሉ ሰዎች ናቸው። መሣሪያው ግን ወደ አንድ ነጥብ እንዲያሳይ ሲታዘዝ የሚያሳየው ቀጥታ መስመርን ነው። ከግጭ ተነሥቶ 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው እሜት ጎጎ የሚሄድ ተጓዥ በቀጥታ መስመርና በእግር መንገድ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ብዙ አያስፈልገውም፤ በዚያ አገር ቀጥታው መስመር ብዙ ጊዜ በአየር ላይ ያልፋል።

ስለዚህ የምናቀርበው ስያሜ «ሥፍራ አመልካች» ነው። የሚያውቀውን ብቻ ይናገራል፤ የማያውቀውን ቃል አይገባም።

3. መቀበልና መላክ፤ «ኔትወርክ» የተባለው ቃል

በተለምዶ ንግግራችን «ኔትወርክ» የሚለው ውስት ቃል ከስልክ ጋር ገብቶ፣ ዛሬ በአየር ላይ የሚተላለፍን ነገር ሁሉ የሚጠቀልል ሆኗል። ረቂቁም ይህን ተከትሎ «ኔትወርክ ከሌለ መሣሪያው አይሠራም» የሚል ፍሬ ነገር ያለው ምክር ይሰጣል። የእንግሊዝኛው ምክር የሚናገረው ስለ ሳተላይት ሞገድ መሆኑ ከዐውዱ ግልጽ ነው። የአማርኛ አንባቢ የሚረዳው ግን የስልክ ማማ በሌለበት ተራራ ላይ መሣሪያው ከንቱ መሆኑን ነው፤ ይህም የእውነቱ ተቃራኒ ነው። ሥፍራ አመልካች የስልክ ማማ አይፈልግም። በስልክ ውስጥ ያለው ተቀባይ እንኳ፣ ካርታው አስቀድሞ ተጭኖ ከሆነ፣ ያለ ስልክ ኔትወርክ ሥፍራን ያሳያል። የሚፈልገው የተገለጠ ሰማይ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላኛው ጥፋት ነው። ረቂቁ መሣሪያው ከሳተላይት ጋር «ይገናኛል» ይላል። መገናኘት በአማርኛ የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሁለቱም ይተያያሉ። ተራው ጂፒኤስ ግን ይቀበላል እንጂ አይልክም። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞረው ሳተላይት ከታች ማን እንደሚሰማው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ሬዲዮ ጣቢያ በየቤቱ ማን እንደሚያዳምጠው እንደማያውቅ ሁሉ። «ሳተላይት ያየኛል፤ ብጠፋ ያገኙኛል» የሚል እምነት በተጓዦች ዘንድ ተደጋግሞ ይሰማል። ይህን እምነት የሚያሳድረው የቴክኖሎጂው ረቂቅነት ብቻ ሳይሆን የግሡ ምርጫም ነው።

በእርግጥ መልእክት የሚልኩ መሣሪያዎችም አሉ። እነዚህ ሥፍራቸውን ከአሳሽ ሳተላይቶች ከተቀበሉ በኋላ፣ ለሌላ የመገናኛ ሳተላይት አሳልፈው የእርዳታ ጥሪ የሚያስተላልፉ ናቸው፤ ለዚህም በአብዛኛው የደንበኝነት ክፍያ ይጠየቅባቸዋል። ገዢው ሁለቱን ዓይነቶች ሳይለይ ገንዘብ ቢያወጣ፣ እግሩ ተሰብሮ በተቀመጠበት ቦታ ማንም የማይሰማውን ዕቃ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ተቀባይ»፣ ለሁለተኛው «ላኪ ተቀባይ» የሚሉት ቃላት በማናቸውም የመምረጫ መመሪያ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ተለይተው ሊቀመጡ ይገባል። ግሡም «ይገናኛል» ሳይሆን «ይቀበላል» ይሁን።

4. አንድ «አቅጣጫ»፣ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች

በእንግሊዝኛው የመሣሪያ ቋንቋ ውስጥ በሦስት የተለያዩ ቃላት የሚጠሩ ሦስት ማዕዘኖች አሉ። አንደኛው፣ ከቆምንበት ሥፍራ እስከ መድረሻችን ያለው መስመር ከሰሜን ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ሁለተኛው ፊታችን፣ ወይም የመሣሪያው ግንባር፣ የሚያይበት ነው። ሦስተኛው እግራችን በእርግጥ እየሄደ ያለበት ነው። ገደል ለመዞር ወደ ጎን የሚሄድ ሰው ሦስቱም ይለያዩበታል፤ መድረሻው ወደ ምሥራቅ፣ እርምጃው ወደ ሰሜን፣ ፊቱ ደግሞ ዘወር ብሎ ወደ ጓደኛው ሊሆን ይችላል።

ረቂቁ ሦስቱንም «አቅጣጫ» ይላቸዋል። በአንድ ገጽ ላይ «አቅጣጫውን ከአቅጣጫው ጋር አስተካክል» ወደሚል ትእዛዝ ሲደርስ፣ አንባቢው ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግረው አይችልም። በዚህ ዓይነት ጊዜ አንዳንድ ባልደረቦቻችን ፈጥነው ከግእዝ ሦስት አዳዲስ ስሞች ለማውጣት ይነሣሉ። ይህ ጸሐፊ ያን መንገድ አይመርጥም፤ ምክንያቱም «አቅጣጫ» የሚለው ቃል ራሱ ጥፋት የለበትም፤ የጎደለው ገላጭ ብቻ ነው። «የመድረሻ አቅጣጫ»፣ «የፊት አቅጣጫ» እና «የጉዞ አቅጣጫ» ብንል፣ ማንም መንገድ መሪ ያለ አስተማሪ ይረዳቸዋል። ወገንን በአንድ ቃል ይዞ ዓይነቶቹን በገላጭ መለየት የአማርኛ የቆየ ስልት ነው።

እዚህ ላይ የስሜን ተራሮች ስም ራሱ ያስከተለውን ችግር ማንሣት ይገባል። ረቂቁ ተራራውንም አቅጣጫውንም «ሰሜን» ብሎ ይጽፋል። «ወደ ሰሜን ሲጓዙ» የሚለው ሐረግ ወደ ተራራው ይሁን ወደ አቅጣጫው መለየት ያስቸግራል። ለተራራው «ስሜን»፣ ለአቅጣጫው «ሰሜን» የሚለውን አጻጻፍ ሳያፋልሱ መያዝ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የግድ ነው።

5. መንገድ፣ ዱካና ነጥብ

ረቂቁ ሊመሰገን የሚገባው በዚህ ክፍል ነው። መሣሪያው ተጓዡ ያለፈበትን እየመዘገበ የሚያስቀምጠውን መስመር «ዱካ» ብሎታል። ከዚህ የተሻለ ቃል ማግኘት አይቻልም። ዱካ ያለፈ ነገር የተወው ምልክት ነው፤ «በዱካው ተመለስ» ሲባል የአገሩ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። ጉም ላይ ለወደቀ ተጓዥ ከመሣሪያው ተግባራት ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው፤ በደኅና የመጣበትን መልሶ መርገጥ።

በአንጻሩ፣ አስቀድሞ በካርታ ላይ የታቀደውን መስመርም በሌላ ገጽ ላይ «ዱካ» ማለቱ ጥሩውን ሥራ ያበላሸዋል። ማንም ገና ያልረገጠው ዱካ አይባልም። ለታቀደው «የጉዞ መስመር» የሚለው ይበቃል። ሁለቱ የሚለያዩት በመታመናቸው መጠን ነውና ልዩነቱ ሊጠበቅ ይገባል፤ ዱካ የተፈተነ ነው፤ የጉዞ መስመር ግን ሐሳብ ነው።

ተጓዡ በመሣሪያው ላይ ምልክት አድርጎ የሚያስቀምጠውን ሥፍራ ረቂቁ «ማረፊያ» ይለዋል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት በሳንቃ በር ወይም በጭነቅ ሰፈር ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ሁሉ፣ ሊሸሹት በሚገባ የገደል ጫፍ ላይም ይቀመጣል። በማሳያው ላይ «ማረፊያ 7» የሚል ያየ ደካማ ተጓዥ፣ ጓደኛው ለማስጠንቀቂያ ወደ ተከለው ነጥብ ለመተኛት ሊሄድ ይችላል። ስለ ሥፍራው ባሕርይ ምንም የማይናገር ገለልተኛ ቃል ያስፈልጋል፤ «መለያ ነጥብ» ይህን ያሟላል።

6. ቁጥሮችና ልኬቶች

በዚህ ክፍል ከሁሉ የከፋው ጥፋት በአንድ ፊደል መመሳሰል የመጣ ነው። እያንዳንዱ ካርታ የተሠራበት የምድር ቅርጽ ስሌትና የልኬት መነሻ አለው፤ ቀያሾች ይህን «ዳተም» ይሉታል። ተርጓሚው ቃሉን መረጃ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በማምታታት «የካርታ መረጃ» ብሎታል። በመሆኑም «መሣሪያህና ካርታህ አንድ ዳተም መጠቀማቸውን አረጋግጥ» የሚለው ትእዛዝ፣ ትርጉም ወደሌለው «የካርታ መረጃህን አረጋግጥ» ተለውጧል።

ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሠራባቸው የኖሩት የ1፡50,000 መልክዐ ምድራዊ ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ላይ ነው፤ ስሙም በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ከነበረ የመለኪያ ጣቢያ የተወሰደ ነው። መሣሪያዎቹ ግን ከፋብሪካ ሲወጡ የተሞሉት እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የዓለም ስሌት ነው። ሁለቱ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ፣ በመሣሪያው የተነበበው ሥፍራ በወረቀቱ ላይ ከመቶ ሜትር በላይ ተዛንፎ ይወድቃል። በሜዳ ላይ ይህ ርቀት ቀላል ነው፤ በስሜን አፋፍ ላይ ግን በመሬትና በአየር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «የልኬት መሠረት» የሚለውን እናቀርባለን፤ ቀያሾች የለመዱት «ዳተም» በአንጻሩ ይቀመጥ።

ሁለተኛው «ስሕተት» የሚለው ቃል ነው። መሣሪያው ከሥፍራው ጎን የተወሰኑ ሜትሮችን የሚያሳየው የራሱን ልኬት አስተማማኝነት ሲገምት ነው። ረቂቁ ይህን «የመሣሪያው ስሕተት» ስለሚለው፣ «ስሕተት 5 ሜትር» የሚል ያነበበ ሰው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ሊጥለው ይችላል። በአማርኛ ስሕተት የአድራጊ ጥፋት ነው። በማናቸውም መለኪያ ላይ የማይቀረውን ልዩነት «ዝንፈት» ብንለው ከነቀፌታ የጸዳ ይሆናል። እንዲሁም ግምት እንጂ ዋስትና አለመሆኑ እንዲታወቅ «የተገመተ ዝንፈት» ተብሎ ይጻፍ።

ሦስተኛው ኬክሮስና ኬንትሮስ ናቸው። በባሕረ ሐሳብ ኬክሮስ የአንድ ዕለት ስልሳኛ እጅ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ሲሆን፣ በዘመናዊው መልክዐ ምድር ትምህርት ግን አዲስ ፍቺ ይዞ ከኬንትሮስ ጋር ተጣምሯል። ሁለቱ በመማሪያ መጻሕፍት ስለ ጸኑ መለወጥ አይገባም። ይሁን እንጂ በነፋስ መካከል፣ በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ሲነገሩ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። መመሪያው ማስተማር የነበረበት ከቃሉ ጋር «ሰሜን» ወይም «ምሥራቅ» የሚለውን ጨምሮ፣ ከዲግሪው ጀምሮ መናገርን ነው። ኢትዮጵያ በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜንና ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ መካከል ስለምትገኝ፣ ዲግሪው ከተነገረ ሁለቱ ቁጥሮች ቢገለባበጡም ሰሚው ወዲያው ያርማል። ዲግሪውን ትቶ ደቂቃውን ብቻ የሚናገር ሰው ይህን ዋስትና ያጣል።

ደቂቃን ካነሣን አይቀር፣ ረቂቁ ሥፍራን አንዴ በዲግሪና በደቂቃ፣ አንዴ በነጥብ ከፋፍሎ ይጽፋል። «13 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ» እና «13.30 ዲግሪ» ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ በመሬት ላይ ግን በመካከላቸው 22 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። የእርዳታ ጥሪ የሚቀበል ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደተነገረው ካላወቀ፣ ፍለጋው የሚጀመረው በሌላ ወረዳ ነው። «ነጥብ» እና «ከ…ደቂቃ» የሚሉት አነጋገሮች በመመሪያው ውስጥ ፈጽሞ ሊቀያየሩ አይገባም።

7. የገበያ ቃላት

የመምረጫ መመሪያ ለገዢ የሚጻፍ በመሆኑ፣ የዕቃው ባሕርያት የሚጠሩባቸው ቃላት እንደ ውል ቃል መጠን አለባቸው። ረቂቁ «ውሃ የማያስገባ» ያለው ዕቃ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ «አይፒኤክስ 7» የሚባለውን ደረጃ ያሟላ ነው፤ ይህም በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መቆየት መቻሉን ያመለክታል። «የማያስገባ» ወሰን የሌለው ቃል ኪዳን ነው፤ «ውሃ የሚቋቋም» ተብሎ መጠኑ ቢገለጽ እውነት ይሆናል።

«ባትሪ» የሚለው ደግሞ በአማርኛ መብራቱንም የኃይል ምንጩንም የሚያመለክት ቃል ነው። «ተጨማሪ ባትሪ ያዝ» የተባለ ተጓዥ ሁለተኛ የእጅ መብራት ይዞ ቢመጣ ሊወቀስ አይገባም። ሕዝቡ ለዚህ የራሱ መለያ አለው፤ በሱቅ የሚሸጠውን «የባትሪ ድንጋይ» ይለዋል። ምርጫውም የሚያስፈልገው ይህን መለያ ነው፤ መሣሪያው በድንጋይ የሚሠራ ነው ወይስ ዳግም የሚሞላ? ኤሌክትሪክ በሌለበት ሰፈር ለብዙ ቀን ለሚጓዝ ሰው ድንጋዩን ቀይሮ መሄድ መቻሉ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚያዳክምም መለዋወጫው ሌሊት በብርድ ልብስ ውስጥ ቢያድር ይመረጣል።

የኮምፓሱንና የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያውን አስተካክሎ ማዘጋጀት ረቂቁ «መጠገን» ብሎታል። ያልተበላሸ አይጠገንም። ከፍታ መለኪያው የአየሩ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር ልኬቱ ስለሚዋዥቅ፣ ከፍታው በታወቀ ሥፍራ ላይ መልሶ «ልክ ማስያዝ» ያስፈልጋል። ቃሉ ከገበያው ሚዛን የተገኘ ስለሆነ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

በመጨረሻም የጉዞው ዓይነት ስም አለ። ረቂቁ የእንግሊዝኛውን ቃል አካል በአካል መልሶ «የኋላ አገር ጉዞ» ብሎታል። ለአማርኛ ሰሚ «የኋላ አገር» ከ«ኋላ ቀር» ብዙ አይርቅም፤ ለአገሩ ሰው የሚሰጠውም ስም ይህ ሊሆን አይገባም። ጽንሰ ሐሳቡም ቢሆን ከሌላ ምድር የመጣ ነው። በአሜሪካ ቃሉ ሰው የማይኖርበትን ሰፊ ዱር ያመለክታል። ስሜን ግን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ ሰው የኖረበት፣ ያረሰውና ከብት ያሰማራበት አገር ነው፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ በፓርኩ ውስጥ ነበሩ። «ጠፍ»፣ «በረሃ» ወይም «ምድረ በዳ» ቢባል ሐሰት ይሆናል። «ከመኪና መንገድ የራቀ ጉዞ» ማለቱ ረዘም ቢልም እውነቱን ይናገራል።

8. መደምደሚያና ሐሳብ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘሩት አንድ መርሕ ይወጣል። ከአብዮቱ ዘመን ቃላት «ርዕዮተ ዓለም» ጸንቶ ሲቀር፣ «ኅብረተሰብአዊነት» ከ«ሶሻሊዝም» ጋር ሲጋፋ ኖሮ የንግግሩን መስክ ለውስቱ ቃል ለቋል። አዲስ ቃል ባዶ ሥፍራ ሲሞላ ይጸናል፤ በሕዝብ አፍ ከገባ ውስት ቃል ጋር ሲታገል ግን ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ስለዚህ «ጂፒኤስ» ከንግግር ይጥፋ ብሎ መድከም አይገባም፤ «ሥፍራ አመልካች» የሚያስፈልገው በመዝገበ ቃላትና በመመሪያ፣ ዕቃውን ከኮምፓስና ከላኪ ተቀባይ ለመለየት ነው። ይበልጥ መድከም ያለብን ውስት ቃል እንኳ በሌላቸው ጽንሰ ሐሳቦች፣ በሦስቱ አቅጣጫዎች፣ በዱካና በጉዞ መስመር፣ በልኬት መሠረትና በዝንፈት ላይ ነው። ሰው የሚሞተው በዕቃው ስም ሳይሆን በእነዚህ ነው።

ለውይይት እንዲያመች ዋና ዋናዎቹ ፍቺዎች እንደሚከተለው ቀርበዋል፦

ሥፍራ አመልካች፦ የሳተላይት ሞገድ እየተቀበለ የያዘው ሰው ያለበትን ሥፍራ የሚያሳይ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ፤ ይቀበላል እንጂ አይልክም። በንግግር ጂፒኤስ።

ላኪ ተቀባይ፦ ሥፍራን ከማመልከት በተጨማሪ በመገናኛ ሳተላይት አማካይነት መልእክትና የእርዳታ ጥሪ የሚያስተላልፍ መሣሪያ።

የመድረሻ አቅጣጫ፦ ከቆሙበት ሥፍራ ወደ መድረሻ የሚወስደው ቀጥታ መስመር ከሰሜን ጋር የሚሠራው ማዕዘን፤ መንገድ መኖሩን አያመለክትም።

የፊት አቅጣጫ፦ የተጓዡ ወይም የመሣሪያው ግንባር የሚያይበት ማዕዘን፤ በኮምፓስ ይታወቃል።

የጉዞ አቅጣጫ፦ ተጓዡ በእርግጥ እየተንቀሳቀሰ ያለበት ማዕዘን፤ ቆሞ ሳለ አይታወቅም።

ዱካ፦ ተጓዡ ያለፈበት፣ በመሣሪያው የተመዘገበ መስመር።

የጉዞ መስመር፦ ከጉዞ በፊት በካርታ ላይ የታቀደ መስመር።

መለያ ነጥብ፦ ለማንኛውም ምክንያት፣ ለመድረስም ሆነ ለመሸሽ፣ በመሣሪያው ላይ የተመዘገበ ሥፍራ።

የልኬት መሠረት፦ ካርታ ወይም መሣሪያ ሥፍራን የሚያሰላበት የምድር ቅርጽና የመነሻ ስሌት፤ ዳተም።

ዝንፈት፦ በተለካውና በእርግጠኛው ሥፍራ መካከል ያለ፣ በማናቸውም መለኪያ የማይቀር ልዩነት።

እነዚህ ስያሜዎች በዚህ ጽሑፍ ስለ ቀረቡ ብቻ የጸደቁ አይሆኑም። ከመጽደቃቸው በፊት በወረቀት ሳይሆን በሥራ ላይ ሊፈተኑ ይገባል። የፈተናውም ዳኞች እኛ የቋንቋ ሰዎች ብቻ ሳንሆን፣ ቀያሾች፣ መንገድ መሪዎችና ስካውቶች ናቸው። ስያሜውን በሬዲዮ ሰምተው ያለ ጥያቄ ትክክለኛውን ነገር ካደረጉ ቃሉ ይጽና፤ ደግመው ከጠየቁ ግን ቃሉ ወደ እኛ ይመለስ።